ዝናቡን የመረመረው ሰው፦ ሮበርት አንገስ ስሚዝና የኛ ቀይ አፈር
ከ2ኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ

መግቢያ

በዚህ ዕትም ላካፍላችሁ ያሰብኩት የአንድ ኬሚስት የሕይወት ታሪክ ነው። ሰውየው ከሞተ 140 ዓመት አልፎታል። አገሩ ስኮትላንድ፣ ሥራው ያለው እንግሊዝ ውስጥ ነው። ታዲያ ቡሬና ፍኖተ ሰላም አካባቢ ተቀምጦ የሱን ታሪክ መጻፍ ምን ይባላል የሚል አይጠፋም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

እኔ የተወለድኩት ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። አንደኛ ዓመት ጨርሼ ክረምቱን ቤተሰብ ጋ ስሄድ፣ ተዳፋቱ ላይ ያለው የአባቴ ገብስ ገና ከመሬት ብቅ ከማለቱ ቢጫ ሆኖ ደረስኩ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታትም ማሳው ምርቱ እየቀነሰ፣ ማዳበሪያው ደግሞ እየጨመረ ነበር። እኔም የተማርኩትን ለማሳየት ቸኩዬ፣ ይሄማ አሲድ ዝናብ ነው ብዬ አረፍኩት። ከፋብሪካ የሚወጣ ጢስ ከደመናው ጋር ተቀላቅሎ፣ በዝናብ መልክ ወርዶ እህሉን እንደሚያቃጥል በሰፊው አስረዳሁ። አባቴ አቋርጦኝ አያውቅምና እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየና፣ ጢሱ ከየት እንደሚመጣ ጠየቀኝ።

መልስ አልነበረኝም። እውነትም ከማሳችን ቆሞ የሚታየው የጎረቤት ጎጆ ጢስ ብቻ ነው። አፍሬ ዝም አልኩ። ኮሌጅ ስመለስ አሲድ ዝናብ የሚለውን ነገር መጀመሪያ ያጠናው ማን እንደሆነ፣ እንዴትስ እንዳወቀው መፈለግ ጀመርኩ። እንዲህ ነው ከሮበርት አንገስ ስሚዝ ጋር የተዋወቅነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነቱና ትምህርቱ

ስሚዝ የተወለደው በ1817 ዓ.ም. ግላስጎው አጠገብ በምትገኘው ፖሎክሾውስ በምትባል ቦታ ነው። ያኔ በኛ አገር ዘመነ መሳፍንት ነበር። ስሚዝ ብዙ ልጆች ባሉበት ቤት ያደገ ሲሆን፣ ለወላጆቹ 12ኛ ልጅ ነው። ቤተሰቡ ሃይማኖተኛ ስለነበር ልጁ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንዲሆን ይፈለግ ነበር። ገና በልጅነቱም ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ገባ። ነገር ግን ዲግሪውን ሳይጨርስ ወጣ። ዛሬ እኛ አገር ቢሆን ወድቆ ቀረ ተብሎ ይታማ ነበር!

ከዚያ በኋላ በየሀብታሙ ቤት እየተቀጠረ ልጆች ማስጠናት ጀመረ። ይሄው የአስጠኚነት ሥራ ነው ወደ ጀርመን ይዞት የሄደው። በጀርመን ጊሰን በምትባል ትንሽ ከተማ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ የሚባል ታላቅ የኬሚስትሪ መምህር ነበር። የሊቢግ ላብራቶሪ ተማሪዎች በጆሯቸው ብቻ ሳይሆን በእጃቸው የሚማሩበት በመሆኑ፣ ከብዙ አገር ወጣቶች ይጎርፉበት ነበር። ስሚዝም እዚያ ገብቶ በ1841 ዶክትሬቱን ተቀበለ።

ሊቢግን እዚህ ላይ ልብ በሉት፣ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን። ተክሎች ከአፈር የሚወስዱት ማዕድን ተመልሶ ለአፈሩ ካልተሰጠ መሬቱ እንደሚደክም ለዓለም ያስረዳው እሱ ነው። ዛሬ ገበሬዎቻችን በየዓመቱ ተሰልፈው የሚገዙት ማዳበሪያ ከዚህ ሰው ሐሳብ ጋር የዘር ግንድ አለው።

ማንችስተር

ስሚዝ ወደ አገሩ ሲመለስ አሁንም ወደ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ልቡ ያዘነብል ነበር። ሆኖም የሊቢግ ተማሪ የነበረው ሊዮን ፕሌይፌር ማንችስተር ውስጥ ረዳት አድርጎ ወሰደውና፣ ኑሮው እስከመጨረሻው ከዚያች ከተማ ጋር ተሳሰረ።

ማንችስተር ያኔ የዓለም የጥጥ ጨርቅ ዋና ከተማ ናት። ፋብሪካው ሁሉ የሚሠራው በድንጋይ ከሰል ነው፤ ቤቱም የሚሞቀው በድንጋይ ከሰል ነው። ሰማዩ ጥቁር፣ ግድግዳው ጥቁር፣ የሠራተኛው ሳንባም እንዲሁ። የከተሞች ጤና ጉዳይ መንግሥትን አሳስቦ ኮሚሽን ተቋቁሞ ስለነበር፣ ስሚዝ የከተማውን አየርና ውኃ መመርመር ጀመረ። በኋላም የራሱን ላብራቶሪ ከፍቶ በትንተና ሥራ መተዳደር ያዘ። ሚስት አላገባም፤ ዕድሜውን ያሳለፈው በጠርሙስ፣ በሚዛንና በወረቀት መሀል ነው።

ስሚዝ በዚያ ከተማ ሳይንስ ማኅበር ውስጥ ትልቅ ቦታ ነበረው። የአቶም ንድፈ ሐሳብን ያቀረበው ጆን ዳልተን የኖረው እዚያው ማንችስተር ነበርና፣ ስሚዝ በ1856 የዳልተንን የሕይወት ታሪክ አሳትሟል። በ1857 ደግሞ የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ። ማክዱጋል ከሚባል ሰው ጋር ሆኖም የፍሳሽ ሽታን የሚያጠፋ ዱቄት ሠርቷል።

ሦስቱ ዝናቦች

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1852 ስሚዝ ስለ ማንችስተር አየርና ዝናብ አንድ ጽሁፍ አቀረበ። ያደረገው ነገር ሲታይ በጣም ቀላል ነው። ከተማው መሀል፣ ከተማው ዳር፣ ከዚያም ራቅ ብሎ ሜዳው ላይ የዘነበውን ዝናብ ሰብስቦ መረመረ። ውጤቱ ሦስት ዓይነት ሆነ። ራቅ ካለው ሜዳ ላይ ዝናቡ የአሞኒያ ካርቦኔት ይዞ ነበር፤ ማለት አሲድነት አልታየበትም። ከተማው ዳር ሲደርስ አሞኒያው በሰልፈሪክ አሲድ ተይዞ ሰልፌት ሆኗል። መሀል ከተማ ላይ ግን አሞኒያው አልበቃ ብሎ አሲዱ ራሱ ተርፎ ከዝናቡ ጋር ይወርድ ነበር።

እንግዲህ አስተውሉ። ስሚዝ ዝናቡ መጥፎ ነው ብሎ በደፈናው አልተናገረም። ከየት እስከየት፣ ምን ያህል፣ ምን ዓይነት የሚለውን በቦታ ለይቶ አስቀመጠ። ወደ ከተማው በቀረቡ ቁጥር አሲዱ ስለሚጨምር ምንጩ ከተማው ራሱ መሆኑ ታወቀ። የቀለም ጨርቆች ለምን ቶሎ እንደሚደበዝዙ፣ ብረት ለምን ቶሎ እንደሚዝግ፣ የሕንጻ ድንጋይ ለምን እንደሚፈረፈርም ከዚሁ ጋር አያያዘው።

ኬሚስትሪውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ግን እናስታውሰው። በድንጋይ ከሰልና በነዳጅ ውስጥ ድኝ አለ። ሲቃጠል ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ እሱም አየር ላይ ከኦክስጅንና ከውኃ ጋር ተዋህዶ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል። በመኪና ሞተርና በኃይል ማመንጫ ውስጥ ባለው ከፍተኛ ሙቀት ደግሞ የናይትሮጂን ኦክሳይዶች ይፈጠራሉ፤ ከነሱ ናይትሪክ አሲድ ይመጣል። ንጹህ ዝናብም ቢሆን ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያሟሟ ፒኤቹ 5.6 አካባቢ ነው፤ ሰባት አይደለም። ስለዚህ ትንሽ አሲድነት በራሱ ተፈጥሯዊ ነው። አሲድ ዝናብ የምንለው ከዚህ በታች ወርዶ ሲገኝ ነው።

ጋዝ ተቆጣጣሪው

የስሚዝ ሕይወት በ1863 ሌላ መልክ ያዘ። በእንግሊዝ ሶዳ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ነበሩ። ሶዳው ለሳሙና፣ ለመስታወትና ለጨርቅ ሥራ ይፈለጋል። አሠራሩ ጨውን በሰልፈሪክ አሲድ ማብሰል ስለሆነ የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ በገፍ ይለቃል። ጋዙ በነፋስ ሄዶ የገበሬውን ሰብልና ዛፍ ያደርቃል። በሴንት ሄለንስና በዊድነስ አካባቢ የነበሩ ባለመሬቶች አቤቱታ በዛና ፓርላማው አንድ ሕግ አወጣ። ሕጉ ፋብሪካዎቹ ከሚለቁት ከዚህ ጋዝ ቢያንስ 95 በመቶውን በውኃ ይዘው እንዲያስቀሩ ያስገድድ ነበር። ለሕጉ ማስፈጸሚያ የመጀመሪያው ዋና ተቆጣጣሪ ሆኖ የተሾመው ሮበርት አንገስ ስሚዝ ነው። እስኪሞት ድረስም ከዚህ ሥራ አልወረደም።

ሥራው ከባድ ነበር። ረዳቶቹ ጥቂት፣ ፋብሪካዎቹ ብዙ፣ ባለፋብሪካዎቹ ደግሞ ባለገንዘብ ናቸው። ስሚዝ የመረጠው መንገድ ከመክሰስ ይልቅ ማስተማር ነው። ፋብሪካው ውስጥ ገብቶ ጋዙን ይለካል፤ የሚያመልጥበትን ቦታ ያሳያል፤ እንዴት እንደሚስተካከል ይመክራል። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ሕጉ የጠየቀውን ፈጽመው ተገኙ። ይሁን እንጂ ለባለፋብሪካዎች አዳላ፣ ቅጣት ፈራ ብለው የወቀሱት ሰዎች በዘመኑም ነበሩ፣ በኋላም አልጠፉም። ወቀሳው ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ተቆጣጣሪ ከሚቆጣጠረው ጋር ሲወዳጅ ምን እንደሚሆን እኛም በአገራችን የምናውቀው ነው።

ሌላም ጉድለት ነበር። ሕጉ የሚመለከተው የሶዳ ፋብሪካዎችን ጋዝ ብቻ ነው። የድንጋይ ከሰሉን ጢስ አይነካም። ስሚዝ ግን የከተማውን ዝናብ ያበላሸው በዋናነት የከሰሉ ድኝ መሆኑን ከ1852 ጀምሮ ያውቃል። የሚያውቀው ነገር አንድ፣ እንዲቆጣጠር የተፈቀደለት ሌላ! በ1874ና በ1881 ሕጉ እየሰፋ ተጨማሪ ጋዞችንና ፋብሪካዎችን ጨመረ፤ የቤትና የሞተር ከሰል ጢስ ግን እንዳለ ቀጠለ።

ያልተነበበው መጽሐፍ

በ1872 ስሚዝ አየርና ዝናብ የተባለ ትልቅ መጽሐፉን አሳተመ። አጼ ዮሐንስ 4ኛ አክሱም ላይ ዘውድ የጫኑበት ዓመት መሆኑ ነው። በመጽሐፉ ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድ፣ ከጀርመንም ጭምር የተሰበሰበ የዝናብ ውኃ ትንተና በሠንጠረዥ አቀረበ። የባሕር ዳር ዝናብ ጨው እንደሚበዛበት፣ የከተማ ዝናብ አሲድ እንደሚበዛበት፣ ነፋስና ርቀት ውጤቱን እንዴት እንደሚለውጡት አሳየ። አሲድ ዝናብ የሚለው ስያሜ በሰፊው የሚያያዘው ከዚህ መጽሐፍ ጋር ነው።

ታዲያ ምን ሆነ ብትሉ፣ ምንም አልሆነም። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ስሚዝ በ1884 በ67 ዓመቱ ዌልስ ውስጥ አረፈ። ያን ጊዜ ጎጃምን የሚገዙት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ሥራው ከሞቱ በኋላ ወደ ሰማንያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተረስቶ ቆየ።

ጉዳዩ እንደገና የተነሣው በ1960ዎቹ ነው። ስዊድናዊው የአፈር ሳይንቲስት ስቫንቴ ኦደን በ1967 የአገሩ ሐይቆችና አፈር አሲድ እየሆኑ መምጣታቸውን፣ ድኙም ከሌሎች አገሮች በነፋስ ተጉዞ የሚመጣ መሆኑን ለሕዝብ አሳወቀ። በስካንዲኔቪያ ብዙ ሐይቆች ዓሣ አልባ ሆነው ነበር። አሲዱ ከአፈር ውስጥ አሉሚኒየምን አሟሙቶ ወደ ውኃው ይወስዳል፤ አሉሚኒየሙ የዓሣውን መተንፈሻ ይዘጋዋል። በመካከለኛው አውሮፓም ደኖች ደረቁ። የእምነበረድ ሐውልቶች ፊታቸው ተላጠ። በ1979 ጄኔቫ ላይ ድንበር ስለሚሻገር የአየር ብክለት ስምምነት ተፈረመ፤ አሜሪካም በ1990 ሕጓን አጠበቀች። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ የሚለቀቀው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከአራት አምስተኛ በላይ ቀንሷል። ስለዚህ ነገሩ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። የታወቀና የተለካ ነገር መፍትሔ ይገኝለታል።

ወደ ቀዩ አፈራችን

ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ የአባቴ ጥያቄ ተመልሶ መጣብኝ። ጢሱ ከየት ነው? እስቲ እንደ ስሚዝ ላድርግ አልኩ። በሚቀጥለው ክረምት ግቢያችን ውስጥ በንጹህ ሳህን የዝናብ ውኃ አጠራቀምኩ። ከሦስት ቦታም አፈር ወሰድኩ፦ ከቤቱ ሥር ካለው ጓሮ፣ መሀል ካለው የበቆሎ ማሳ፣ ከዚያም ተዳፋቱ ላይ ካለው የገብስ ማሳ። ኮሌጅ ስመለስ መምህሬን አስፈቅጄ ላብራቶሪ ውስጥ ለካሁት።

ዝናቡ ከተፈጥሮ ዝናብ የተለየ ነገር አልታየበትም። አፈሩ ግን ሌላ ታሪክ ነገረኝ። የጓሮው ደህና ነው። የመሀሉ ወረድ ይላል። ተዳፋቱ ላይ ያለው ከ5.5 በታች ወርዷል። የስሚዝ ዝናብ ወደ ከተማው በተጠጋ ቁጥር አሲድ ይሆን ነበር፤ የኛ አፈር ደግሞ ከቤት በራቀ ቁጥር አሲድ ይሆናል! ለምን ብትሉ፣ የምድጃው አመድና የከብቱ ፍግ የሚደፋው ጓሮ ላይ ነው። አመድ ቤዝ መሆኑን ደግሞ አንደኛ ዓመት ላይ ተምረነዋል።

እንግዲህ እኔ ለአባቴ የነገርኩት ስህተት ነበር ማለት ነው። ጥፋቱ የፋብሪካ ጢስ ሳይሆን፣ ለብዙ ዘመን የወረደ ንጹህ ዝናብና የኛው አያያዝ ነው። የምዕራብ ጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ብዙ ዝናብ ያገኛል። ውኃው ወደ ታች ሲሰርግ ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙንና ፖታሲየሙን አጥቦ ይወስደዋል፤ ቦታቸውን ሃይድሮጂንና አሉሚኒየም ይይዙታል። በዚያ ላይ እህሉን ከነገለባው ከማሳው እናነሣለን። ኩበቱን እናነድደዋለን። በምትኩ የምንመልሰው ዳፕ (በኋላም ኤንፒኤስ) እና ዩሪያ ነው። አሞኒየም ያለበት ማዳበሪያ ደግሞ አፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አሲድ ይለቃል። ሊቢግን ልብ በሉት ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ለአፈሩ መልሱለት የሚለው ትምህርቱ ትክክል ነው፤ እኛ ግን የመለስነው ግማሹን ብቻ ነው።

አሲዱ ከበዛ በኋላ አሉሚኒየሙ ሥሩን ያቀጭጨዋል። ፎስፈረሱን ይይዘውና ተክሉ እንዳያገኘው ያደርጋል። በብድር የተገዛው ማዳበሪያ አፈር ውስጥ እያለ እህሉ ይራባል። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ቶሎ ይጎዳሉ፤ ግብጦና ድንች ይሻላሉ። ስንቱ ገበሬ ነው መሬቱ እምቢ ሲለው ባሕር ዛፍ የተከለበት? በአዊ በኩልም ዲከረንስ ለከሰል የሚተከለው አንዱ ምክንያት ይሄው ነው። በአገር ደረጃ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው የአሲድ ችግር እንዳለበት ይነገራል። ስለዚህ ጉዳዩ የአባቴ ማሳ ብቻ አይደለም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ የተፈጨ የግብርና ኖራ። ለቤት መቀቢያ የሚሆነው ሳይሆን ካልሲየም ካርቦኔት ያለው የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው። ደጀን ላይ ለዚሁ የሚሆን ኖራ ይፈጫል። ችግሩ ብዛቱ ነው። እንደ አሲዱ መጠን ለአንድ ሄክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ማዳበሪያ ቢሆን አንድ አህያ ትጭነዋለች፤ ይሄን ግን የመኪና መንገድ የሌለው ቀበሌ በምን ያጓጉዘው? ከመዘራቱ በፊት ቀደም ብሎ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር መታረስም አለበት። ለዚህ ነው መፍትሔው እየታወቀ ብዙ ማሳ ሳይታከም የሚቀረው።

ማጠቃለያ

ታዲያ አሲድ ዝናብ እኛን አይመለከተንም ማለት ነው? አይደለም። ቡሬ ላይ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል። መኪናውም እየበዛ ነው። ሥራ ለሚፈልግ ወጣት ይሄ ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን አፈራችን ከወዲሁ አሲድ ስለሆነ ተጨማሪ የሚሸከምበት ትከሻ የለውም። ማንችስተር የለካችው ከጠቆረች በኋላ ነው፤ እኛ ከመጥቆራችን በፊት የመለካት ዕድል አለን። የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች በየክረምቱ ከየወረዳችን ዝናብና አፈር ይዘን ብንመጣ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ የራሳችን ሠንጠረዥ ይኖረን ነበር። ወጪው ሳህን፣ ጠርሙስና ትዕግሥት ነው።

የስሚዝ ሕይወት ለኔ ያስተማረኝ ይሄንን ነው። ትልቅ ግኝት አላገኘም፤ በሱ ስም የሚጠራ ሕግም የለንም። ዝናብ ሰበሰበ፣ ለካ፣ ጻፈ። የሚሰማው ሰው ባይኖርም መጻፉን አላቆመም። ሰማንያ ዓመት ቆይቶ የሚሰማው መጣ።

ለአባቴ ውጤቱን የነገርኩት ባለፈው የፋሲካ ዕረፍት ነው። መጀመሪያ ስህተቴን አመንኩለት። ጓሮው ለምን እንደሚሻል ስነግረው ብዙ አልገረመውም፤ የቤት ሥር መሬት ምንጊዜም እንደሚያበቅል ከአያቴ ጀምሮ የሚታወቅ ነገር ነው። እሱ ያላወቀው ምክንያቱን፣ እኔ ያላወቅሁት ደግሞ እሱ የሚያውቀውን ነው። ከተዳፋቱ ላይ ሩብ ጥማድ የምትሆን ቦታ ከፍለን ኖራ በትነንባታል። የቀረው እንዳለ ነው፤ ማወዳደሪያ እንዲሆነን። ገብሱ ገና አልታጨደም። ምን እንደሆነ እግዜር ካለ በሚቀጥለው ዕትም እነግራችኋለሁ።

ቸር እንሰንብት።